የጋሽ ኃይለሚካኤል መብራቶች

ጋሽ ኃይለሚካኤል ሰው ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚያየው ግንባሩን ነው። ከእሱ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራውን ክፍል ለፀጉር ቤት የተከራየሁ ቀን ትኩር ብሎ አየኝና "የአንቺ ግንባር ብርሃን ይመልሳል" አለኝ። እኔም ምርቃት መስሎኝ "አሜን" አልኩ። ለካ ግንባርሽ ወዛም ነው ማለቱ ኖሯል። ይህን ያወቅሁት ከዓመት በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬም ይቅር አላልኩትም።

ግቢያችን ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3 የሚሉት ሰፈር ውስጥ ነው። ጋሽ የምለው፣ እኔን "እትዬ ትሁን" እያሉ የሚጠሩኝ ደንበኞቼ ስለሚሉት እንጂ በዕድሜ የሚበልጠኝ በጥቂት ነው። ሁለታችንም እዚሁ ጅቡቲ የተወለድን የባቡር ልጆች ነን፤ አባቶቻችን ከድሬዳዋ በሐዲዱ መጥተው እዚሁ ቀሩ። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እኛ ወሎንም ሸዋንም የምናውቀው በወሬ ብቻ ነው። ይህ ነገር ኋላ ጉድ ስላደረገን ከአሁኑ ልናገረው ብዬ ነው።

ኃይለሚካኤል በባቡሩ ጋራዥ ሃያ ስድስት ዓመት ኤሌክትሪሲየን ሆኖ ሠርቷል። ባቡሩ እየሳሳ ሄዶ ሊቆም ሲል፣ አለቃው ሐዲድ ሲጠገን የሚበሩትን ሁለት ትልልቅ ፕሮዤክተር መብራቶች "ውሰዳቸው፤ ከእንግዲህ ማን ያበራቸዋል" ብሎ ሰጠው። ካሜራ ከልጅነቱ ጀምሮ ይወድ ነበር። የሳሎኑን ዕቃ አወጣ፤ ፕሮዤክተሮቹን ግራና ቀኝ ተከለ፤ በሩ ላይ በጠመኔ "ፎቶ" ብሎ ጻፈና ሰው መጠበቅ ጀመረ።

ሰው መጣ። አርብ ከሰዓት ጫቱ ገብቶ ወንዱ ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲበተን፣ ከተማው በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚኖሩት ያገራችን ልጆች ይሆናል። ማዳሞቻቸው የሚለቋቸው ያኔ ነው። መጀመሪያ እኔ ጋ ይገባሉ፤ ፀጉራቸውን እሠራለሁ፣ ቅንድባቸውን አስተካክላለሁ። ቀጥሎ በጎን በር ወደ እሱ ይሻገራሉ። ፎቶው አገር ቤት ለእናት ይላካል። ከዚህ ውጭ ለሌላ ነገር ፎቶ የተነሳች ልጅ አላስታውስም።

ችግሩ መብራቶቹ ነበሩ። እነዚያ ፕሮዤክተሮች የተሠሩት ሜዳ ለማብራት እንጂ ፊት ለማብራት አይደለም። በሐምሌ፣ ውጭው ራሱ ኸምሲን የሚሉት የበረሃ ንፋስ እየነፈሰበት እንደ ምድጃ ሲግል፣ እሱ ደግሞ በርና መስኮት ዘግቶ ሁለቱንም ይለቅባቸዋል። ቫንቲላተር እንዳይከፍት ፀጉር ይበትናል፤ የማንን ልፋት እንደሚበትን መቼም ታውቃላችሁ። ልጆቹ ላብ በላብ ይሆናሉ። ፎቶው ሲወጣ ግንባራቸው እንደ መጥበሻ ቂጥ ያብለጨልጫል፣ ዓይናቸው ይጨፈናል፣ ከኋላቸው ሰማያዊው ግድግዳ ላይ ሁለት ጥቁር ጥላ ይቆማል። "ጋሼ፣ ይሄን ብልከው እናቴ ድንጋይ ስትፈልጥ የተነሳችው ነው ትላለች" አለችው አንዷ። ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም።

ያልሳቀበትን ምክንያት አውቃለሁ። መብራቶቹን መጀመሪያ የሞከረባት ሚስቱ ዓለምነሽ ነበረች። እሷም እንደሌሎቹ ላብ በላብ ሆና፣ በድስት ክዳን ፊቷን እያራገበች፣ አፏን ከፍታ ስትስቅ ነው ያነሳት። "ተበላሸ" ብሎ ፎቶውን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። "ደህና መብራት ስገዛ እደግምሻለሁ" አላት። ደህናው መብራት ሳይገዛ ዓለምነሽ በዓመቱ አረፈች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ከመታወቂያዋ ላይ የተወሰደ፣ ፊቷ እንደ ጠያቂ ፖሊስ የጠነከረ ፎቶ ነው። "አንድ ለእሷ የሚሆን ፎቶ ሳላነሳላት" ይላል አንዳንዴ፤ ዓረፍተ ነገሩን አይጨርሰውም።

እንግዲህ መብራት መምረጥ የጀመረው በዚህ ነው። ልምረጥ ብሎ ስምንት ወር ፈጀ። ጠዋት ጠዋት ኢንተርኔት ቤት ይገባና በፈረንሳይኛ የተጻፈውን ሁሉ በትምህርት ቤት ደብተር ላይ ይገለብጣል፤ ከሰዓት ሪያድ ገበያ አጠገብ ዕቃ ከዱባይ የሚያስመጣው ነጅሙዲን ሱቅ ሄዶ ሰውየውን በጥያቄ ያደርቀዋል። "ዋላሂ ኃይሌ" አለው ነጅሙዲን፣ እኔው ፊት፣ "እኔ ሁለት ሚስት ሳገባ እንዲህ አልመረጥኩም።"

"ለዚህ ነዋ በሱቅህ የምታድረው" አልኩት። እሱ ሳቀ፤ ኃይለሚካኤል ግን የሰማንም አይመስል፣ አንዱን ካርቶን ይገለባብጣል።

መጀመሪያ ይዞ የመጣው ኒዮን ነበር። አይሞቅም፤ ይህ ደግ። የእኛን ዓይነት ጠይም ፊት ግን አረንጓዴ ያደርጋል። ልጆቹ ወባ የያዛቸው መሰሉ፤ በሳምንቱ መለሰው። ቀጥሎ ዣንጥላ ያለው ፍላሽ አመጣ፤ ሁለት። እሱም አይሞቅም፤ አንዴ ብልጭ ብሎ ያበቃል። ነገር ግን ሳሎኑ ሦስት በአራት ሜትር ነው፤ ዣንጥላው ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይረጨዋል፤ ሰማያዊው ግድግዳ ይቀበልና ሰማያዊውን መልሶ ጉንጫቸው ላይ ይለጥፈዋል። ከዚያም በላይ፣ አንድ አርብ ሁለቱ ፍላሾችና የእኔ ፀጉር ማድረቂያ ካስክ ባንድ ላይ ሲሠሩ ዲዥንክተሩ ወድቆ የግቢው መብራት ጠፋ። ሦስት ልጆች ግማሽ ራሳቸው ደርቆ ግማሹ እየተንጠባጠበ ቀረ። ያን ቀን የተናገርኩትን አሁን አልደግመውም።

በመጨረሻ ያገኘው ፊቱ ነጭ ጨርቅ የለበሰ፣ ሰፊ ሳጥን የመሰለ መብራት ነው። አንድ ብቻ። በጎን ያቆመዋል፤ ብርሃኑ በጨርቁ ውስጥ ተጣርቶ ለስልሶ ይመጣል። ሰማያዊውን ግድግዳ ለመግደል ከኋላ ጥቁር ከፋይ ጋረደበት። ከዚያ "ነይ" አለኝ፤ ተቀመጥኩ፤ ብልጭ አለ። ፎቶውን አየሁት። አንድ ጎኔ በርቷል፣ ሌላው ቀስ እያለ ጨለማ ውስጥ ይገባል፤ ግንባሬ ላይ አንዲት ጠብታ ወዝ የለም። ሃምሳ ዓመት የተሸከምኩት ፊት እንዲህ ያምር ኖሯል ወይ አልኩ። ለአንድ ሙሉ ቀን አልቀለድኩበትም።

ውቢት የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። የወሎ ልጅ ናት፤ ከባቲ ወጣ ካለች መንደር በአሥራ አምስት ዓመቷ በረሃውን በእግር አቋርጣ ገብታ፣ ባሕሩ ዳር ካሉት ቪላዎች በአንዱ አራት ዓመት ሠርታለች። ወረቀት የላትም፤ ከወጣች መመለስ የለም። ባወራች ቁጥር ትስቃለች፤ ፀጉሯን ስሠራ እንኳ ጭንቅላቷ አይረጋልኝም። ያን ቀን ግን ዝም ብላለች።

"ምነው?" አልኳት።

"እትዬ ትሁን፣ እናቴ አላምን አለች" አለች። "በአጎቴ ስልክ እሑድ እሑድ አገኛታለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ዓረብ አገር ሞታ፣ ለእናቷ ዓመት ሙሉ ደህና ናት እያሉ ደብቀዋት ኖሯል። ይሄን ከሰማች ወዲህ 'ድምፅማ ይመሳሰላል፤ ፊትሽን ልየው' ትለኛለች። ሌሊት እንቅልፍ የላትም አሉ።"

"ፊትሽንማ እናሳያታለን!" አልኩ፤ አፌን ቁርጥ ያርገውና።

ኃይለሚካኤል ያን ቀን ያለ የሌለ ጥበቡን አፈሰሰ። ቀሚሷን አስተካከለ፤ ነጠላዬን በራሷ ላይ ጣል አደረገባት፤ ላቧ እስኪደርቅ ቫንቲላተር ፊት ግማሽ ሰዓት አስቀመጣት። "ቀና በይ። ወደ ሩቅ እዪ። አትሳቂ" አላት። አልሳቀችም። የወጣው ፎቶ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ፤ ከጥቁሩ ውስጥ ብቅ ያለ፣ የረጋ፣ ከዚህ ዓለም ሐሳብ የራቀ ፊት። "ለአንድ እናት ከዚህ በላይ ምን ይላካል?" አለ፤ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ የሰማሁት ከዓለምነሽ ቀብር ወዲህ ያኔ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የእኔ ነው። "አሳድገው" አልኩት፤ ክንድ የሚያህል አሳደገው። "ፍሬም ይግባለት" አልኩ፤ ወርቅማ ፍሬም ገባለት። ውቢት ሥራ ላይ ስለነበረች እንዴት ሆኖ እንደሚሄድ አላየችም። በጋላፊ መንገድ ወደ አገር ቤት ጭነት የሚያመላልሰውን ፈንታውን፣ የወሎ ሰው ነው ብዬ፣ እኔ ነኝ የጠራሁት። አቧራ እንዳይገባበትም ፎቶውን በነጭ ነጠላ ጠቅልዬ ሰጠሁት።

ፈንታው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመለሰ። መኪናውን ወደብ አቁሞ በእግሩ መጣና ግቢው መሃል ቆመ፤ አልቀመጥም አለ።

"ጋሽ ኃይሌ፣ ትልቅ ጥፋት አጥፍተናል" አለ። "ሌሊቱን ሙሉ ነድቼ ጎህ ሲቀድ ደረስኩ። ቤቱን ስለማላውቅ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሁለት ሽማግሌዎች አገኘሁ፤ አሳዩኝ ብዬ ይዣቸው ሄድኩ። እናትየው በሩን ስትከፍት ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ የማታውቀው ሰው፣ በነጭ የተጠቀለለ የፎቶ ፍሬም። ሳልናገር ጮኸች።"

ኃይለሚካኤል አልገባውም። እኔም ወዲያው አልገባኝም፤ አልኳችሁ፣ የባቡር ልጆች ነን። ፈንታው ማስረዳት ነበረበት። መርዶ የሚነገረው እንዲያ ነው፤ ማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ያልታሰበ ሰው መጥቶ። ትልቅ ፎቶ በፍሬም ደግሞ ለቅሶ ላይ የሚያዝ ነው፤ ሟችን ከፍ አድርገው እያሳዩ የሚያለቅሱበት። እኛ ሳናውቅ የመርዶውን ሥርዓት አንድ በአንድ አሟልተን ልከናል። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባል የለም? እኛ ሳንናገር ከአያያዙ ቀደድነው።

"ታዲያ አልነገርካትም? አለች አላልክም?" ጮህኩበት።

"አልኩ እንጂ! ሽማግሌዎቹም ማሉላት። ግን ቀድማ ወድቃ ነበር። ስትነሳ ደንግጣችሁ ነው የምትዋሹኝ አለች። ነጠላውን ገልጣ ፎቶውን አየችውና ያን ጊዜ ጨርሳ አመነች። 'ይቺ የእኔ ልጅ አይደለችም፤ የእኔ ልጅ ዝም ብላ አታውቅም፤ ይሄ ከሞተች በኋላ ያሠሩት ነው' አለች። ጥቁር ለብሳለች። እህል አትቀምስም። ለአርባዋ ተዝካር ልታወጣ ነው።"

ለውቢት የነገርኳት እኔ ነኝ። ከሥራዋ በር ላይ ቆሜ፣ በማይፈቀድ ቀን። አላለቀሰችም፤ ስልኬን ተቀብላ እዚያው አስፋልቱ ላይ ለአጎቷ ደወለች። አጎትየው እናቷን አቀረበላት። "እማ፣ እኔ ነኝ" ስትል እኔም ሰማሁ። ከወዲያ የመጣው ድምፅ የደከመ ነበር፤ "አንቺ የሰው ልጅ፣ ለእኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እግዜር ይስጥሽ፤ ግን ከእንግዲህ አትድከሚ" አለና ተዘጋ። ውቢት ስልኩን መልሳልኝ ዕቃ ልታጥብ ገባች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

አገር ቤት እንዳትሄድ ያጎቷ ዕዳ፣ የታናናሾቿ ደብተር፣ ሁሉም በእሷ ደመወዝ ነው የሚኖረው። እናቷ ደግሞ በቁሟ እየቀበረቻት ነው። ኃይለሚካኤል ሦስት ቀን በሩን አልከፈተም። በአራተኛው ቀን ምሳ ይዤለት ገባሁ። ነጩ ሳጥን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። እሱ መሬት ላይ ተቀምጦ መሳቢያውን ስቦ፣ ያን የዓለምነሽን ፎቶ በእጁ ይዟል፤ የድስት ክዳን፣ ላብ፣ የተከፈተ አፍ፣ ግድግዳው ላይ ሁለት ጥላ።

"ትሁን" አለኝ፣ "እስቲ ይቺን እያት። ይቺ ሴት ሞታለች ትያለሽ?"

"ኧረ አልልም" አልኩ፤ ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።

"የሞተ ሰው አያልበውም" አለ። ተነሳ። "ነይ፣ እነዚያን ፕሮዤክተሮች እናውጣ።"

ግቢው ጥግ ሸራ ለብሰው ነበር። ስናወጣቸው ከአንዱ ውስጥ አይጥ ወጣ፤ ሌላ ቀን ቢሆን ጣሪያ ላይ እወጣ ነበር። አርብ ውቢት ስትመጣ ጥቁሩ ከፋይ ወርዷል፣ ሰማያዊው ግድግዳ ወጥቷል፣ መስኮቱ ተዘግቷል። ፀጉሯን እንድነካ አልፈቀደልኝም። "ከሥራ እንደመጣች ትነሳ" አለ። ኩራኑ፣ ኤሌክትሪኩ ማለቴ ነው፣ ሁለት ጊዜ ሄደብን፤ በጨለማው ውስጥ ሦስታችንም ጠበቅን። ሲመለስ ሁለቱን ፕሮዤክተር በአንድ ጊዜ ለቀቃቸው፤ ክፍሉ ጋለ።

መጀመሪያ ደርቃ ቆመች፤ ባለፈው እንዳስተማራት ወደ ሩቅ ታያለች። "ተይው እሱን" አላት። "የፈለግሽውን ሁኚ።" ላቡ ከፀጉሯ ሥር ጀምሮ ወረደ። በቀሚሷ ጫፍ አንገቷን ጠረገች፤ አነሳት። ከፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ጠጣች፤ ግማሹ ደረቷ ላይ ፈሰሰ፤ አነሳት። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ ከሁሉም ብሼ ግንባሬ እንደ ቧንቧ ይወርዳል፤ ቅንድቤን የተኳልኩት ኩል ጉንጬ ላይ ደርሷል። "እትዬ፣ ኧረ ቅንድብሽ ሄደ!" ብላ ፈንድታ ሳቀች፤ ከስንት ቀን በኋላ። አነሳት።

ይህን ፎቶ አላሳደገውም። የእጅ መዳፍ የምታህል አድርጎ አሳተማት፤ ፍሬም የለ፣ ነጠላ የለ። የፈንታው ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ከሲጋራው ጋር ገባች። ምን ብሎ እንደሚገባ አፉን ያስጠናሁት እኔ ነኝ። ብቻህን ሂድ፤ ቀትር ላይ ሂድ፤ ከሩቅ ጀምረህ ጩህ፤ አትቆዝም አልኩት።

እንደነገርኩት አደረገ። አርባው ሊሞላ አራት ቀን ሲቀረው፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ "ቤቶች! የራበው ሹፌር መጥቷል፤ ምሳ አላችሁ ወይ?" ብሎ ጮኸ። መርዶ ነጋሪ ምሳ አይለምንም። ሴትየዋ ጥቁሯን እንደለበሰች ወጣች። እሱም እጇ ላይ ፎቶዋን አኖረላትና ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን መፍታት ጀመረ።

ያየውን በኋላ ነገረን። ሴትየዋ ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፤ አራቀችው፤ መልሳ አስጠጋችው። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ የፎቶውን ግንባር ጠረገችው። አንዴ፣ ሁለቴ። የማይደርቅ መሆኑ ሲገባት ቀና ብላ "ስልኩን አምጡልኝ" አለች።

የእኔ ስልክ ጮኸ። አርብ ነበርና ውቢት ከፊቴ ወንበሩ ላይ ናት፤ ግማሽ ሹሩባ ተሠርታለች። ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩላት።

"አንቺ ልጅ!" አለ ያ የደከመው ድምፅ፤ አሁን አልደከመም። "ምን ያለው አገር ነው እንዲህ የሚያቀልጥሽ? ጥላ የለም እዚያ? ውሃውስ ደረትሽ ላይ የሚፈሰው አጠጣጥ ጠፍቶሽ ነው? እንዲህ ነው ያሳደግሁሽ?"

ውቢት ከወንበሩ ተንሸራታ የተቆረጠው ፀጉር መሃል መሬት ላይ ተቀመጠች። እናቷ መቆጣቷን አላቆመችም፤ እሷም እያለቀሰች "እሺ እማ፣ እሺ እማ" ትላለች። ማበጠሪያዬን ይዤ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ላብ ነው ብል ማንም አይፈርድብኝም ነበር።

ነጩ ሳጥን አልተጣለም። ለሠርግ፣ ለመታወቂያ፣ ለእኔ ዓይነቷ ግንባሯ ለሚመልስ ሴት ይበራል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ኃይለሚካኤል መብራት ከመምረጡ በፊት ልጆቹን "ለማን ነው የሚሄደው?" ብሎ ይጠይቃል። "ለእናቴ" ካሉ መስኮቱን ይዘጋል። ስልክ በየእጁ ገብቶ አርብ አርብ ማንም የማይመጣበት ጊዜ እስኪደርስ ድረስ እንዲህ ሠራ።

የዓለምነሽን የመታወቂያ ፎቶ ያወረደው የውቢት እናት ልጇን በተቆጣችበት ሰሞን ነው። በቦታው ያችን የድስት ክዳን የያዘችውን ዓለምነሽን ሰቀላት። ምስማሩን ሲመታ መዶሻ አቀብለው ነበርና "ይቺን የመሰለች ሴት ስንት ዓመት መሳቢያ ውስጥ! ምን ሆነህ ነው?" ብዬ ተቆጣሁት።

ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አያት።

"እስካሁን መብራቱን ነበር የማየው" አለኝ።